የጨመርኩላት አስር ዓመት

ሎጊያ መግቢያ ላይ የመኪናዬ ኤሲ አልነሳ አለ። ሙቀቱ ሃምሳ ሁለት ደርሷል። የሰባት ወር ልጄ ከኋላ ወንበር እናቴ እቅፍ ውስጥ ሆና ትንሰቀሰቃለች።

መካኒኩ ሁመድ ፊውዙን አውጥቶ አየው፤ ደህና ነው። ጋዙን ለካ፤ ሙሉ ነው። ከዚያ ኮፈኑን ዘጋና ወደተቀመጥኩበት መስኮት መጥቶ፣ ወደ ኋላ ወንበር አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ እናትህ ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«ስልሳ።»

«በመታወቂያው ማለቴ ነው።»

ቅዝቃዜ በራሽን ከሆነ ወዲህ ሰባ የሞላው ሰው ድርሻ የለውም፤ እሱ የተሳፈረበት መኪናም አይቀዘቅዝም። እናቴ በመታወቂያው ሰባ የሞላት ትናንት፣ መስከረም አንድ ነው።

አስሩን ዓመት የጨመርኩላት እኔ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ለአረጋውያን የሚሰጠው ዱቄትና ዘይት እንዲደርሳት ብዬ ቀበሌ ወስጄ አስጻፍኩላት። የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅ ስላልነበረ ጸሐፊው መስከረም አንድ አለው። እሷም ያን ቀን «እደግ፣ ተመንደግ» ብላ መርቃኛለች።

«አቤቱታ አስገባለሁ፣ ይስተካከላል» አልኩ።

«እሱ እስኪስተካከል ይህቺ ትሞትብሃለች» አለች እናቴ። ሁሉንም ሰምታለች። ሕፃኗን አቀበለችኝና ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወረደች።

በሩ እንደተዘጋ ቀዝቃዛው አየር ፊቴን መታኝ። ልጄ ዝም አለች። መስኮቱን ከፍቼ የእናቴን እጅ ያዝኩ።

«ዝጋው እንጂ ልጄ» አለችኝ፤ «ቅዝቃዜው ይወጣል።»