የመዝሙሩ ላሞች

ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ምሥጢር ሲገለጥልኝ፣ በሕንዷ ቫራናሲ ከተማ ጠባብ መንገዶች እየሮጥኩ ከሽማግሌው መዝሙረኛ ቤት ደረስኩ። እሳቸው የሂንዱን ጥንታዊ መዝሙሮች በልጅነታቸው በቃላቸው አጥንተው፣ ከቃሉ ያለፈ ትርጉም ሳይጠይቁ ስልሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ሲዘምሩ ኖረዋል።

«ጉሩጂ፣ መምህሬ፣ ደረስኩበት!» አልኩ ገና ሳልቀመጥ። «መዝሙሩ ‹ላሞችን ስጠን› ሲል ከብት መለመኑ አይደለም። በጥንቱ ቋንቋ የላም ስም የብርሃን ጨረርም ስም ነው፤ ላም ማለት ብርሃን ነው!»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሰማሽ?» ብለው ጓዳ ወዳሉት ባለቤታቸው ጮኹ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምኜው አንዲት የምትታለብ ላም እንኳ ነፈገኝ ብዬ አምላክን አኩርፌው ነበር እኮ! ለካ በየማለዳው ሲሰጠኝ ኖሯል!»

እኔንም ደስታው አሰከረኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ልንጨፍር ምንም አልቀረን።

ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ወጡ። በዚያ ሰፈር ለእንግዳ ሻይ ያለ ወተት አይቀርብም፤ የእኔው ግን ጥቁር ነበር። ሴትዮዋ ምንም አላፈሩም። ብርጭቆዬን ከጥላው አንስተው ፀሐይ ያረፈበት ደረጃ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ወተቱ እስኪገባ ትንሽ ጠብቅ፣ ልጄ» አሉኝ።