ከሥዕሉ ሥር

የልጇ የአስም ፓፍ ከማርያም ሥዕል ሥር መቅረቱን እናትየዋ ያየችው፣ ልጅቷ የመስቀል አበባ ልትለቅም ወደ ዓይናለም መንደር ከሄደች ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ከልጅቷ ቦርሳ ያወጣችው ራሷ እናት ናት፤ ጸበል ረጭታበት ልትመልሰው። ብትደውል ብትደውል ስልኩ አይነሳም። የአበባው ብናኝ ደረቷን ዘግቶት ቢሆንስ?

ፓፉን ጨብጣ ደጃፉ ላይ ቆመች። ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ወፎቹ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ይንጫጫሉ።

"ስሚያቸው እስቲ" አላት ባሏ። "ጎተራ የላቸው፣ ሰማያዊ አባታቸው ይመግባቸዋል።"

"ከነሱም የምትወድቅ አለች።"

"ያለ እሱ ፈቃድ አትወድቅም።"

"መውደቋስ መች ቀረ?"

ባሏ ልጅቷን ሊፈልግ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። እሷ ግን ቀና ብላ አየቻቸው። ዝማሬ ሐሳብ የሌለበት ሰው ነገር ይመስላት ነበር። እነዚህ ግን እየጨለመባቸው ነው የሚዘምሩት። "እንግዲያ አምላኬ፣ እኔም እየፈራሁ ላመስግንህ" አለች በለሆሳስ።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ባጃጅ ቆመ። ልጅቷ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና፣ አበባ ታቅፋ ወረደች።

"ፓፉን ሳጣው ከባጃጁ አልወረድኩም፣ እማ። የለቀሙት ጓደኞቼ ናቸው። ስልኬንም በባጃጁ ጩኸት አልሰማሁትም።"

እናት ፓፉን ሰጠቻት፣ ከዚያ ጆሮዋን የልጅቷ ደረት ላይ ለጠፈች። ትንፋሿ ያፏጫል፤ ግን ይገባል፣ ይወጣል። አበባውን ከእቅፏ ተቀብላ ደጅ አኖረችው፤ ልጇን አስገብታም በሩን ሁለቴ ቆለፈችው።