የዳማሪስ የምስጢር ወዳጅ

ሴፕቴምበር ሲገባ ማጋንጌ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ እንደ ሌባ ድመት ይሆናል። ሊሰርቅ ግን አይደለም፣ ሊያስቀምጥ ነው! ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከባርኔጣ ይወጣል፤ ለደረሰህ ሰው ወሩን ሙሉ ሳትታይ ጣፋጭ ትደብቅለታለህ። ጽሕፈትህ እንዳይታወቅ በግራ እጅህ ትሞነጫጭራለህ። ማን ለማን እንደሆነ የሚገለጠው በወሩ መጨረሻ ግብዣ ላይ ነው። እስከዚያ ትንፍሽ የለም።

ዳማሪስ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት የከሰዓት ሰፊ ናት። ወንበሯ ሁልጊዜ ሞቆ ነው የሚጠብቃት፤ ሩቢዬላ የምትባለዋ የጠዋት ሰፊ ገና መነሳቷ ነዋ! የስፌት መኪናው መሳቢያ ግን የዳማሪስ ብቻ ነው። ሩቢዬላ ዕቃዋን በቦርሳዋ ይዛ መጥታ በቦርሳዋ ይዛ ትሄዳለች።

የመጀመሪያው አርብ ዳማሪስ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አንዲት ማስቲካ አገኘች። መሳቢያውን ስትከፍት ደግሞ፣ ወይ ጉድ! በሮዝ ወረቀት የተጠቀለለ ሁለት ኮካዳ የሚሉት የኮኮናት ጣፋጭ፣ የዘይቱን ማርመላታ ከነአይቡ፣ ከላዩም ጠማማ ጽሕፈት፦ «ስትስቂ የመኪናው ድምፅ ይጠፋብኛል።»

«እኔ መቼ ሳቅሁ?» አለች ዳማሪስ።

ከጎኗ የምትሰፋው ሚላዲስ አንገቷን አሰገገች። «ኧረ እኔ የደረስኩት ቋጣሪ አንድ ከረሜላ ነው የጣለልኝ! ያንቺው ሱቅ ሰብሮ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ! ኤዲልሶን ቢሰማ ያርደኛል።»

እውነቷን ነው። ባሏ ኤዲልሶን በሚስቱ ቀልድ አያውቅም። «እንደምን ዋልሽ፣ ቆንጆ» ያላትን ዳቦ ሻጭ አንገቱን አንቆ ከነቅርጫቱ አንስቶታል። ይባስ ብሎ ለዚያው ቤት ጨርቅ የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ልክ የጠዋቶቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ በባለሦስት እግር ሞተሩ ደርሶ ጥቅሉን አውርዶ የከሰዓቶቹ ሳይገቡ ይሄዳል። አንዲት ቃል ብትሾልክ የአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር አበቃለት።

ጣፋጩ ደግሞ በየቀኑ ሆነ። ማን ይሆን? ሁሉም ጨርቅ ቆራጩን ኦስባልዶን ጠረጠረ። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ምሳውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው የሚበላ፣ ሲቆርጥም ያንጎራጉራል።

«ዳማሪስ፣ ያ ኮካዳ ይጣፍጣል?» አላት አንድ ቀን፣ ጢሙ ሥር እየሳቀ።

ዳማሪስ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

ሁሉንም እዚያው በልታ፣ አፏን ተጉመጥምጣ ነው ወደ ቤት የምትሄደው። ያም ሆኖ እራት ላይ ቤቱ ኮኮናት ኮኮናት ይላል። ከኔ ነው ብላ ወንበሯን ከባሏ ራቅ አደረገች። ኤዲልሶንም ወንበሩን ራቅ አደረገ።

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ እንዲህ አለ፦ «ቤቴን ጥዬ እመጣለሁ። አንድ ቃል ብቻ በይኝ።»

ዳማሪስ መሳቢያውን ደረገመችው። ይሄ ነገር ግብዣው ላይ ኤዲልሶን ፊት ቢነበብስ? ሰውየውን ቀድማ አግኝታ ማስቆም አለባት። እሷም በግራ እጇ ሞነጫጨረች፦ «ቅዳሜ አሥር ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ። ፊትህን አሳየኝ።» በዚያው ሮዝ ወረቀት ጠቅልላ መሳቢያው ጥግ ወተፈችው። በማግስቱ ወረቀቱ የለም። በቦታው የቡጢ ያህል ኮካዳ ተቀምጧል!

ቅዳሜ ኤዲልሶን ጢሙን ተላጭቶ ወጣ።

«ወዴት ነው?»

«ዶሚኖ ልጫወት። አንቺስ?»

«እኔማ ሚላዲስ ጋ ትርፍ ሥራ አለ፤» አለችና፣ ውሸቷ እንዳይነቃባት ሰፊዎቹ ሁሉ የሚለብሱትን ሰማያዊ ሽርጥ አጥልቃ ወጣች።

ዝናቡ አህያ የማይችለው ነበር። ዳማሪስ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ ጥላዋን እስከ ትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች። ምን እንደምትለው ስታጠና ቆየች። «ኦስባልዶ፣ እኔ ባለ ትዳር ነኝ። ኦስባልዶ፣ ተወኝ።» ደግሞም፣ እውነት እንነጋገር፣ በልቧ ትንሽ ደስ ብሏታል።

አሥር ሰዓት ሲደወል የሞተር ድምፅ ሰማች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የምታውቀው፣ እያሳለ የሚሄድ፣ የባለሦስት እግር ሞተር ድምፅ። መጣ፣ መጣና ከኋላዋ ቀጥ አለ።

ድንግል ማርያም! ማን ነገረው? ሚላዲስ ናት፣ ያቺ ምላሰኛ! አሁን ኦስባልዶ ብቅ ቢል ደም መፍሰሱ ነው። ጥላዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። ኮቴው ጭቃውን እየረገጠ ቀረባት። ዳማሪስ ዓይኗን ጨፈነች።

አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«መጣሽልኝ አይደል፣ ሩቢዬላዬ?» አለ ኤዲልሶን።