የግራው መብራት

ሽማግሌውን ያንገበገበው ከሆስፒታል መባረሩ ነው። ሐኪሙ ግን የምሥራች የነገረው መስሎት፣ «አባባ፣ የዓይንዎ ግላኮማ ባለበት ቆሟል። ከእንግዲህ ሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ያለችው የዓይን ባለሙያ ትከታተልዎታለች። ከባሰብዎት ብቻ ወደኛ ትመልስዎታለች» አለው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስሙን ጠርቶ ሰላም የሚለው ያ የሆስፒታል ወረፋ ብቻ ነበር። እዚያ ወረፋ ላይ እትዬ ዘርፌ ምራቷን ስታማ፣ ጋሽ ድንበሩ የዓይን ጠብታውን ስቶ ጢሙ ላይ ሲያንጠባጥብ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነው ነው የሚውሉት። ጤና ጣቢያው ደግሞ ወረፋ የሚባል ነገር የለውም፤ ገባ ወጣ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው ተንኮል ሸረበ። ምርመራው እንደሆነ በግራም በቀኝም መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። «በግራ በኩል የሚበራውን እያየሁ ዝም እላለሁ። ባሰበት ብላ ትመልሰኛለች» አለ በሆዱ።

ባለሙያዋ አንድ ዓይኑን ሸፍና አገጩን ማሽኑ ላይ አስደገፈችው። በቀኝ ብልጭ ሲል እየተጫነ፣ ግራውን በጉጉት ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ምርመራው አለቀ።

ሽማግሌው ብሽቅ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማሽንሽ ዛሬ ምን ነካው? በግራ አንዲት እንኳ ሳያበራልኝ እንዴት አድርጌ ልሸውድሽ?»

ልጅቷ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አየች፣ ቀጥላ እሱን አየችው።

«አባባ» አለችው ቀስ ብላ፣ «በግራም እኮ አብርቷል። ደጋግሞ ነው ያበራው።»