አትተዋወቁም

ሲስተሯ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ እጆቿን ሆዷ ላይ ታጣምራለች፤ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምጿን ዝቅ ታደርግና "ሊፍቱ ተበላሽቷል" ትላለች።

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። አራቱም አንገታቸውን ይደፋሉ።

አናጢው የሚስቱን እጅ ይዟል። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ደግሞ ልቧ መድከም ጀምሯል፤ ሐኪሙም "ብዙ ባንቆይ ጥሩ ነው" ብሏል። ባል የራሱን አንድ ኩላሊት ሊሰጣት ቢነሣ፣ በትዳር ያን ያህል ዘመን ተስማምተው የኖሩ ሰዎች በደም አልስማማ አሉ። በዚህ ጊዜ ነው ሐኪሞቹ አዲሱን ጥናታቸውን ይዘው የመጡት። አናጢው ለማያውቀው ሰው ይሰጣል፤ የዚያ ሰው ዘመድ ደግሞ ለአናጢው ሚስት ይሰጣል። አንዱ ወገን የፈለገውን ካገኘ በኋላ ሐሳቡን እንዳይለውጥ፣ ቀዶ ጥገናው በሁለት ክፍል በተመሳሳይ ሰዓት ይጀመራል።

"እስከዚያ ግን አትተዋወቁም" ብላ ነበር ሲስተሯ። "ሰው ቢጠይቃችሁ ሌላ ነገር በሉ።"

ሁለቱ ቤተሰቦች በየተራ፣ ሳይተያዩ፣ በሊፍት ሊወጡ ነበር። አሁን ፊት ለፊት ተፋጠው ተቀምጠዋል።

ከወዲያ ያለው ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ ነው፤ አጠገቡ እናቱ አሉ። አናጢው ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከሰውየው ላይ አልነቀለም። ሰውየው ወደ በሩ ባየ ቁጥር እሱም ወደ በሩ ያያል። ቢሮጥ እደርስበታለሁ ወይ ብሎ የሰውየውን ጫማ ሳይቀር መርምሯል።

"ወንድሜ፣ አንተ ምንህን ነው?" ይላል በመጨረሻ።

"ጉልበቴን። አንተስ?"

"ዓይኔን።"

"ይማርህ።"

"አንተንም።"

"እኔ እንኳ ሰው ልጠይቅ ነው የመጣሁት" ይላሉ እናትየው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። የሆስፒታል ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ ትራሳቸውንም ከቤት ይዘው መጥተዋል።

ሲስተሯ ትቀጥላለች። የሊፍቱ ጠጋኝ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ድንገተኛ ክፍል ተጠርተዋል። ክፍሎቹ የተያዙት ለጠዋት ብቻ ነው፤ ዛሬ ካለፈ ደግሞ...

አናጢው ተነሥቷል።

"ስንተኛ ፎቅ ነው?"

"አራተኛ። ግን እሷ ደረጃ አትችልም፤ ትንፋሿ..."

"ማን ትውጣ አለ?" የተነሣበትን ወንበር ያነሣል፤ ይነቀንቀዋል፤ ገልብጦ እግሮቹን ያያል። "ይሄን የሠራው ሰው ሊጠየቅበት ይገባል። ግን ይችላል። ተቀመጪ።"

"ወፍራም ሳለሁ ይሄ ጉልበት የት ነበር?" ትላለች ሚስቱ።

"ያኔ ማን ይችልሻል? ተቀመጪ። ደግሞ እንዳትስቂ፤ የሚስቅ ሰው ይከብዳል።"

እናትየው ልጃቸውን በክርናቸው ይጎስሙታል። "ምን ትገተራለህ? ያዝለት እንጂ!"

"አንቺስ እማዬ?"

"እኔ የራሴ እግር አለኝ። ሰውየው ብቻውን ተሸክሞ አንድ ነገሩን ቢጎዳውስ?" ሁሉም ዞር ብለው ያዩዋቸዋል። "ዓይኑን ነው እኮ የምለው" ይላሉ።

ሲስተሯ መከልከያ ቃል ትፈልጋለች፤ ታጣለች። ጥናቱ ስለ ደረጃ ምንም አላጠናም።

አናጢው የወንበሩን መደገፊያ ይዞ የኋሊት ይወጣል። ባለባርኔጣው ከታች የፊት እግሮቹን ይዞ ይገፋል። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ባለባርኔጣው አድርጋ መሐላቸው ተቀምጣለች። እናትየው የሲስተሯን ክንድ ተደግፈው ይከተላሉ፤ "ትንሽ እንረፍ" ባለቻቸው ቁጥር "ስትደክሚ ንገሪኝ፣ ልጄ" ይሏታል።

"ጉልበትህ እንዴት ነው?" ይላል አናጢው እያለከለከ።

"የትኛው ጉልበቴ?" ይላል ባለባርኔጣው። ቆይቶ ትዝ ይለዋል። "አይ፣ ያመኛል። በጣም ነው የሚያመኝ። ያንተስ ዓይን?"

"ደረጃው ይታየኛል።"

ሴትየዋ ትስቃለች።

"አትሳቂ አላልኩሽም?"

ሁለተኛውን ፎቅ ያልፋሉ። የአናጢው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከሁለቱ ወንዶች እንረፍ የሚል የለም።

ሦስተኛው ፎቅ ሊደርሱ ሲሉ፣ ደረጃው ተወልውሎ ገና አልደረቀም። የባለባርኔጣው ጫማ ይከዳዋል። ወንበሩ ያዘነብላል፤ ሰውየው በጎኑ ወደ ደረጃው ብረት ይወረወራል።

ሴትየዋ የወንበሩን ጠርዝ መያዝ ነበረባት። አትይዝም። ግራ ክንዷን ትዘረጋለች፤ የኩላሊት እጥበቱ መርፌ የሚገባበትን፣ ሰዓት እንኳ የማታስርበትን፣ ባሏ እንዳይነካው ተኝታም የምትጠብቀውን ክንድ። በብረቱና በሰውየው ጎን መካከል ትሰደዋለች። የሰውየው ክብደት በሙሉ ክንዷ ላይ ያርፋል። ጥርሷን ትነክሳለች።

በዚያው ቅጽበት ከታች እናትየው ይጮኻሉ። የሚጮኹት ለልጃቸው አይደለም። በጉልበቱ ወድቆ ወንበሩን ወደ ደረቱ ስቦ ላስቆመው ለአናጢው ነው።

"አንተ ልጅ! ጎንህን! ጎንህን ጠብቅ!"

ጩኸታቸው ደረጃውን ሞልቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይመለሳል፤ ያልቃል። ሲስተሯ ጣሪያውን ታያለች። አናጢው እናትየውን ያያል፤ እናትየው ነጠላ ጫማቸውን ያያሉ።

የሴትየዋ መዳፍ ሰውየው ጎን ላይ እንዳለ ነው። አታነሣውም። እሱም እጇ እንዳይነቃነቅ ትንፋሹን ቀስ አድርጎ ይስባል።