የሁዳዴ ድንች

«የሐበሻው ቤት ሽሮ ቅቤ አለው አሉ» ትላለች አንዲት ጾመኛ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ምሳ የት እንብላ በተባለ ቁጥር። ማን እንደነገራት ግን አትናገርም።

«የምግብ ቤቱ ባለቤት በዘይት ነው የምሠራው ብላ ምላለች እኮ፣ እኅቴ» አለቻት የሥራ ባልደረባዋ ወይንሸት።

«እሷ ሳትሆን ሽሮው ይማልልኝ። ቅቤ ለነካ ማንኪያዋ ስል ጾሜን አልገድፍም።»

ወይንሸት ሽሮዋን ስትበላ፣ እሷ ሁዳዴን ሙሉ ማዶ ካለው በርገር ቤት የተጠበሰ ድንች ብቻ ገዝታ በላች። የሥጋውን ሥዕል ላለማየት እንኳ አንገቷን ደፍታ ነበር የምታዝዘው።

በፋሲካ ማግስት በርገር ልትመርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰሌዳው ቀና አለች። ከሥዕሎቹ በላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ድንቻችንን ሁልጊዜም የምንጠብሰው በንጹሕ የበሬ ሞራ ነው።»