የተቀደደው ገጽ

የእንግሊዝኛ መምህሩ «ራን» ማለት መሮጥ ብቻ አይደለም ብሎ ቢለፋ ሰሚ አጣ። ቧንቧም ሲፈስ ራን ነው፤ ሱቅ መምራትም፣ ለምርጫ መወዳደርም ራን ነው አላቸው።

«ቲቸር፣ መሮጥ ነው» ብለው ተማሪዎቹ ድርቅ አሉ።

«እኔ በእናንተ ዕድሜ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት፣ ትርጉሙን ሁሉ በቃሌ ይዤው ነበር» አለና ያለውን አንድ መዝገበ ቃላት ከቤተ መጻሕፍት አስመጣ። ሲገልጠው «ራን» ያለበት ገጽ ከሥሩ ተቀዷል።

ደሙ ፈላ። «የቀደደው እስኪወጣ ተንበርከኩ።»

ሃምሳ ሁለቱም ውጭ ጠጠሩ ላይ ተንበረከኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ነኝ ብሎ የወጣ የለም።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ ዘውድነሽ የመጽሐፉን የውሰት ካርድ ይዘው መጡ። «መምህር፣ ይህን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ወደ ቤቱ የወሰደ አንድ ተማሪ ብቻ ነው» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ካርዱን ነጠቃቸው። ቀኑ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ስሙ የራሱ ነው፣ በራሱ የልጅነት እጅ ጽሑፍ።

ካርዱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«ነገ ሁላችሁም ወላጅ ይዛችሁ ኑ።»